ማቅለጥና ማዋሐድ፤ ከጋፋት ምድጃ እስከ ዘመናችን የፕላስቲክ ቅልቅል

በጉና ተራራ አካባቢ፣ በተለይም በደብረ ታቦር፣ ስለ ማቅለጥ ሥራ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችንና የአገር ተወላጅ አንጥረኞችን በአንድነት ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ይህ መንደር በታሪክ መጻሕፍታችን የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ምኞትና ከመቅደላው ፍጻሜ ጋር ተያይዞ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጋፋትን የምናነሣው በሙያችን ዐይን ለመመልከት ነው። ሁለት ወይም ከሁለት በላይ የሆኑ ነገሮች በአንድ ምድጃ ውስጥ ቀልጠው ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? አንድ አካል ይሆናሉ ወይስ ጎን ለጎን እንደ ቆሙ ይቀራሉ? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ነሐስ ቀላጮችን ሁሉ ያጋጠመ ጥያቄ ነው። ዛሬም በየከተማችን የሚከማቸውን አሮጌ ፕላስቲክ አቅልጦ ለአገልግሎት ለማዋል የሚያስብ መሐንዲስም ሆነ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማል።

ጽሑፉ ሊያስረዳ የሚሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መቅለጥና መዋሐድ የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንድ ቧንቧ አብሮ መፍሰስም ብቻውን ስምምነትን እንደማያመጣ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የዓለም የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ይህን በሚገባ ለመረዳት በርካታ ዓመታት ወስዶበታል።

የጋፋት ምድጃ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የእጅ ሙያ የተማሩ ወጣት ሚሲዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። እነዚህ ሰዎች በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ። ቆይተው ከመጡት መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ይገኙበታል። ሞሪስ ሆል የተባለው የፖላንድ ተወላጅም በጋፋት ከሠሩት አንዱ ነበር። ሚሲዮናውያኑ የመጡት ወንጌልን በሥራ ለማስተማር ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከሁሉ በላይ የፈለጉት የእጃቸውን ሙያ ነበር።

መድፍ እንዲያቀልጡ ሲታዘዙ ይህ ሙያቸው አለመሆኑን ገልጸው ነበር። ሆኖም ትእዛዙ ስላልተነሣ መሞከር ግድ ሆነባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አልተሳኩም። ከብዙ ድካም በኋላ ግን አነስተኛ መድፎች ወጡ፤ ከዚያም እያደር መጠናቸው ከፍ እያለ ሄዶ በ1859 ዓ.ም ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተቀልጦ ወጣ። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ረዥም ከበባ ከደረሰበት ከሩሲያው ምሽግ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ መድፉ በብዙ መቶ ሰዎች እየተጎተተ፣ መንገድም በፊቱ እየተጠረገ፣ አምስት ወራት ያህል ተጉዞ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በዚያው በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈ።

ታሪኩ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ከሙያ አንጻር ስናየው ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ዕቃ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ለማፍሰስ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ብረቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ መገኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ሳይረጋ በቅርጹ ማዕዘን ሁሉ መድረስ እንዲችል በደንብ መፍሰስ አለበት። ሦስተኛ፣ ሲረጋ አንድ አካል መሆን አለበት። እንግዲህ መቅለጥ፣ መፍሰስ፣ መዋሐድ ሦስት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። አንዱን ያለፈ ሁሉ ሌላውን ያልፋል ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ስለ ፕላስቲክ የምንለው ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

በነሐስ ውስጥ የሚሆነው

ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ውሕድ ነው። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ግን በ232 ዲግሪ ብቻ ይቀልጣል። ይህን ያህል ቢራራቁም ሁለቱ በፈሳሽነት ሲገናኙ በሚገባ ይዋሐዳሉ፤ ውሕዱም ከንጹሕ መዳብ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። በአውሮፓ የተለመደው የመድፍ ነሐስ ከመቶው 90 እጅ ያህሉ መዳብ፣ 10 እጅ ያህሉ ቆርቆሮ ነበር። የቆርቆሮው መጠን ከ20 እጅ በላይ ሲሆን ደግሞ የደወል ነሐስ ይሆናል። ይህ ድምፁ ያማረ ሲሆን ከባድ ምት ግን አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሚዋሐዱ ነገሮች እንኳ ልክና መጠን አላቸው።

በአሮጌ ዕቃ የሚሠራ ቀላጭ ግን የሚገጥመው መዳብና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። በናስ ዕቃ ውስጥ ዚንክ አለ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ መዳቡ ገና ለመቅለጥ ሲቃረብ እርሱ ነጭ ጭስ እየሆነ ማምለጥ ይጀምራል። እርሳስ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ከቀለጠው መዳብ ጋር ይደባለቃል። ሙቀቱ ሲበርድ ግን ይለያል፤ በመዳቡ ቅንጣቶች መካከል ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው በአንድ ምድጃ የገቡ ነገሮች ሦስት ዓይነት ዕጣ እንዳላቸው ነው፤ የሚዋሐድ አለ፣ የሚያመልጥ አለ፣ አብሮ ቀልጦ ሲረጋ የሚለይም አለ። በምድጃው አፍ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት የሚያበራ ፈሳሽ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ዕቃው ከረጋ በኋላ፣ ይልቁንም ከተመታ በኋላ ነው።

የረዣዥም ሰንሰለቶች ጠባይ

ወደ ፕላስቲክ ስንመጣ ነገሩ ከብረት ይልቅ የጠበበ ሆኖ እናገኘዋለን። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ጎማን የመሰሉ ነገሮች እጅግ ረዣዥም ከሆኑ የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው ብሎ ሲያስረዳ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ጊብሰንና ፎሴት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ፖሊኤትሊንን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ጣሊያናዊው ጁልዮ ናታ ሥርዓት ያለው ፖሊፕሮፒሊንን ሠራ። አዳዲስ ፕላስቲኮች በበዙ ቁጥር፣ መዳብና ቆርቆሮ ተዋሕደው ከሁለቱም የሚበልጥ ነሐስን እንደሰጡ ሁሉ፣ ሁለት ፕላስቲኮችንም ቀላቅሎ ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ ማግኘት ይቻላል የሚል ተስፋ አደረ። ውጤቱ ግን በአብዛኛው ተስፋውን የሚያሳጣ ሆነ። የሁለት መልካም ፕላስቲኮች ቅልቅል ከሁለቱም የባሰ ደካማ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ምክንያቱን በስሌት ያሳዩት አሜሪካውያኑ ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሃጊንስ ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባሳተሙት ሥራ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ወደ አንድ ዓይነት መደምደሚያ ደረሱ። ሐሳቡን በምሳሌ እንግለጸው። ቀይና ነጭ ዶቃ በአንድ ቅል ውስጥ ጨምረን ብንንጠው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ ይደበላለቃል፤ ዶቃዎቹ እያንዳንዳቸው በፈለጉት ቦታ ሊውሉ ስለሚችሉ የመደባለቂያው መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም። አሁን ግን ቀዩን ዶቃ አንድ ሺህ አንድ ሺህ እያደረግን በክር ብንሰካው፣ ነጩንም እንዲሁ ብናደርግ፣ የመደባለቂያው መንገድ እጅግ ያንሳል። አንዱ ዶቃ በሄደበት ሌላው እንዲከተል ክሩ ያስገድደዋልና። የብረት አቶሞች ያልተሰካውን ዶቃ ሲመስሉ፣ የፕላስቲክ ሞለኪውሎች የተሰካውን ይመስላሉ። ስለዚህ በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ያለው መገፋፋት እጅግ ጥቂት ቢሆን እንኳ ለመለያየት ይበቃል።

ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆኑት ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በቀር ሌላ ነገር የላቸውም። መልካቸው ይመሳሰላል፤ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ቀልጠው ሲረጉ አይዋሐዱም። ከሕጉ ውጭ የሆኑ ጥቂቶች ግን አሉ። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ኖሪል በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው የፖሊፊኒሊን ኦክሳይድና የፖሊስታይሪን ቅልቅል በእርግጥ የተዋሐደ ነው። ዝናውን ያገኘውም እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ በመሆኑ ነው።

የፍሰቱ ነገር

የማይዋሐዱ ሁለት ፈሳሾች ሲናጡ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብታ ይሆናል። የዕቃው ጥንካሬም በጠብታው ትንሽነት ላይ ይመሠረታል። ጠብታው ትልቅ ከሆነ እንደ ጠጠር ሆኖ የዕቃውን አካል ያዳክማል። ጠብታው በምን ያህል ይሰባበራል የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያ በጥልቀት የመረመረው የካምብሪጁ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር ሲሆን፣ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 ነው። ቴይለር ያሳየው፣ ጠብታውን የሚጎትተው የፍሰቱ ኀይል መሆኑን፣ ጠብታውን አሰባስቦ የሚይዘው ደግሞ በሁለቱ ፈሳሾች ወሰን ላይ ያለው ውጥረት መሆኑን ነው። ከእነዚህ ሌላ ወሳኝ የሆነው የሁለቱ ፈሳሾች የዝልግልግነት ንጽጽር ነው። ዝልግልግነት ስንል ማር ከውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ እንዲፈስ የሚያደርገው ጠባይ ማለታችን ነው።

ይህን ሊጥ ያቦካች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። በቀጭን ሊጥ ውስጥ የገባ ደረቅ የሊጥ ጓል በማማሰል ብቻ አይፈታም፤ ቀጭኑ ሊጥ ጓሉን እያንከባለለ ይዞት ይዞራል እንጂ አይሰባብረውም። በእጅ ይዘው በጣት መሐል ሲያሹት ግን ይፈታል። ግሬስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ ሥራው ይህንኑ በቁጥር አስደግፎ አቀረበው። የጠብታው ዝልግልግነት ከአካባቢው ፈሳሽ 4 እጥፍ ያህል ከበለጠ፣ ቀላል የማማሰል ፍሰት ሊሰብረው አይችልም፤ እየጎተተ የሚያስረዝም ፍሰት ግን ይሰብረዋል። ስለሆነም ሁለት ፕላስቲኮችን የሚቀላቅል ሰው በቅድሚያ የፍሰታቸውን ልክ ማቀራረብ ይገባዋል። የቀለጠ ፕላስቲክ በፍጥነት ሲገፋ ዝልግልግነቱ ስለሚቀንስ፣ ንጽጽሩ መደረግ ያለበት መኪናው በሚሠራበት ሙቀትና ፍጥነት ነው።

የፍሰት ልክ በፋብሪካ ውስጥ የሚለካው በተለመደው የፍሰት መለኪያ ነው። ለፖሊኤትሊን በ190 ዲግሪ፣ 2.16 ኪሎ ግራም ክብደት ተጭኖበት በ10 ደቂቃ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው ፕላስቲክ በግራም ይመዘናል። ይህ መለኪያ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የሚነግረን ስለ መፍሰስ ብቻ ነው። ሁለት ፕላስቲኮች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያስመዘግቡ ጠብታው በደንብ ይሰባበር ይሆናል፤ ጠብታውና አካባቢው ግን ተያይዘዋል ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ በጠባብ ቦይ ሲፈስ ቀጭኑ ፕላስቲክ ወደ ግድግዳው እየሸሸ ወፍራሙን ይከበዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ያማረ ይመስላል፤ ጥቂት ከታጠፈ ግን እንደ ሽንኩርት በየልጣጩ ይላጣል። በአንድነት የፈሰሰ ሁሉ በአንድነት አይጸናም ያልነው ስለዚህ ነው።

አስታራቂው

ዘይትና ውሃ አይዋሐዱም። እንዶድ ሲጨመር ግን ቅባቱ ከልብሱ ለቅቆ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ምክንያቱም በእንዶድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በአንድ ወገኑ ቅባትን፣ በሌላው ወገኑ ውሃን የሚይዝ በመሆኑ ነው። የፕላስቲክ ሊቃውንትም ያገኙት መፍትሔ ይህንኑ የመሰለ ነው። ግማሽ ሰንሰለቱ ከአንደኛው፣ ግማሽ ሰንሰለቱ ከሁለተኛው ፕላስቲክ ጋር የሚዘመድ አስታራቂ ሞለኪውል በሁለቱ ወሰን ላይ ይቆማል፤ ውጥረቱን ይቀንሳል፤ ጠብታው ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ይከላከላል፤ ሁለቱንም ወገን እንደ ክር ይሰፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ኀይል የሚገኘው ክሮቹ በማበራቸው እንጂ ጎን ለጎን በመቀመጣቸው አይደለም።

ከዚህ ላይ በሙያችን የሚለዩ ሁለት ቃላትን ማስተዋል ይጠቅማል። ተዋሓጅ የምንለው እስከ ሞለኪውል ድረስ አንድ የሆነውን ነው። ተስማሚ የምንለው ደግሞ ሳይዋሐድ እንኳ በአስታራቂ ተያይዞ ለሥራ የሚበቃውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ናይሎንን ምት ቻይ ለማድረግ የተቻለው ማሌይክ አንሃይድራይድ የተባለ ኬሚካል የተቀጠለበትን ጎማ መሰል ፖሊመር በውስጡ በጥቃቅኑ በመበተን ነው። ጎማው ከናይሎኑ ጋር አልተዋሐደም፤ ተስማማ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአሜሪካ የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች፣ ሁለቱ ዓይነት ሰንሰለቶች እየተፈራረቁ የተቀጣጠሉበትን ፖሊመር ከመቶው 1 እጅ ያህል ብቻ በመጨመር የፖሊኤትሊንንና የፖሊፕሮፒሊንን ቅልቅል ጠንካራ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ።

ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አስታራቂ ሁሉ የሚያስታርቀው የሚያውቃቸውን ሁለት ወገኖች ነው። አምስትና ስድስት ዓይነት ፕላስቲክ በዘፈቀደ የተከመረበትን ምድጃ የሚያስታርቅ አንድ ሽማግሌ የለም።

ወደ ጉና ስንመለስ

በአገራችን ከተሞች የሚሰበሰበውን አሮጌ ፕላስቲክ እንመልከት። ጀሪካንና ፌስታል በአብዛኛው ፖሊኤትሊን ናቸው። ማዳበሪያ እያልን የምንጠራው ጆንያ ፖሊፕሮፒሊን ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ጠርሙስ ፒኢቲ ሲሆን፣ ክዳኑ ግን ከሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የውሃ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ናቸው። ፖሊኤትሊን ከ105 እስከ 135 ዲግሪ ባለው፣ ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ገደማ፣ ፒኢቲ ደግሞ በ250 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ምድጃው ለጀሪካን የሚበቃ ሙቀት ቢኖረው የጠርሙሱ ስብርባሪ ሳይቀልጥ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ለጠርሙሱ የሚበቃ ሙቀት ቢሰጠው ደግሞ ፒቪሲው ይፈራርስና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሠራተኛውን ይጎዳል፣ መኪናውን ያዝጋል፣ የፒኢቲውንም ሰንሰለት ይቆራርጣል። ጥቂት ፒቪሲ ብዙ ጠርሙስ ያበላሻል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ዚንክ ከምድጃ እንደሚያመልጥ፣ እርሳስም ሲረጋ እንደሚለይ አስቀድመን አይተናል። በፕላስቲክ ምድጃ ውስጥ እነዚህ ሁለት ዕጣዎች በአንድነት ይገጥማሉ።

ስለዚህ ከማስታረቅ በፊት መለየት ይቀድማል። ለመለየት ደግሞ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን በንጹሕ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ፖሊስታይሪን፣ ፒኢቲና ፒቪሲ ይሰጥማሉ። ጨው በብዛት በሟሟበት ውሃ ላይ ደግሞ ፖሊስታይሪኑ ይንሳፈፋል፤ ፒኢቲና ፒቪሲ እንደ ሰጠሙ ይቀራሉ። በውሃ የማይለዩት፣ ማለትም ፒኢቲ ከፒቪሲ፣ ጀሪካን ከማዳበሪያ፣ ገና ሲሰበሰቡ በዐይን ሊለዩ ይገባል። በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌው ጀሪካኑን ከጠርሙሱ ለይቶ ዋጋ ሲሰጥ፣ ከምድጃው በፊት የሚሠራውን እጅግ ወሳኝ የሆነ የምሕንድስና ሥራ እየሠራ ነው። ይህን ሙያ ልናከብረውና ልናሻሽለው ይገባናል።

ነገሩ የአካዳሚ ክርክር ብቻ አይደለም። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የውሃ ማማ ነው። ከእርሱ የሚነሡት ጉማራና ርብ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በጉና ግርጌ ካሉ ከተሞች በጎርፍ የሚጠረግ ፕላስቲክ መንገዱ ይኸው ነው፤ ወደ ፎገራ የሩዝ ማሳ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ገደበ። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከለከለ። ሕጉ የፌስታልን ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል። ጀሪካኑ፣ ጠርሙሱና ማዳበሪያው ግን ለገበሬውም ለከተሜውም የሚያስፈልጉ በመሆናቸው ይቀጥላሉ። ስለእነዚህ መልስ የሚጠበቀው ከሙያችን ነው። ሁሉን በአንድነት አቅልጦ ምሰሶ ወይም ንጣፍ የሚሠራ መኪና ሲቀርብልን፣ ልንጠይቀው የሚገባን ስንት ኩንታል እንደሚያቀልጥ ብቻ ሳይሆን፣ የሚወጣው ዕቃ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ ሲመታ ምን እንደሚሆን ነው። ተሰባብሮ ከወደቀ፣ ቀድሞ ሊለይ ይችል የነበረውን ፕላስቲክ ዳግመኛ ሊለይ ወደማይችል ስብርባሪ ለውጠን ወደዚያው ወንዝ መለስነው ማለት ነው።

በመጨረሻ ወደ ጋፋት አንድ ጊዜ እንመለስ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ስለ አሠራሩ የምናነበው ግን በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች በጻፉት ነው፤ ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1886 በለንደን ነበር። ከእነርሱ ጎን ቆመው ወናፍ የነፉት፣ ቅርጹን በጭቃ ያበጁት፣ የቀለጠውን ያፈሰሱት የአገር ተወላጅ አንጥረኞች ስንት እጅ መዳብ፣ ስንት እጅ ቆርቆሮ እንደገባ፣ የትኛው ሙከራ በምን ምክንያት እንደ ከሸፈ በራሳቸው ቋንቋ የጻፉት ማስታወሻ አልደረሰንም። ዕቃው ቀረ፤ ዕውቀቱ ግን ከሰዎቹ ጋር አለፈ። ከእነርሱ በኋላ የመጣ ቀላጭም ሥራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር ተገደደ።

የማኅበራችን አባላት ከዚህ የተሻለ ማድረግ እንችላለን። በየፋብሪካውና በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አሮጌ ፕላስቲክ የሚቀላቅል ሁሉ፣ ምን ከምን ጋር በስንት እጅ እንደ ቀላቀለ፣ በስንት ዲግሪ እንዳቀለጠ፣ የፍሰቱ ልክ ስንት እንደ ነበር፣ ዕቃው ሲመታም እንዴት እንደ ሆነ በአማርኛ ይመዝግብ። የተሳካው ብቻ ሳይሆን የከሸፈውም ይመዝገብ። በየዓመቱ በዚህ መጽሔት አንድ ገጽ ለዚህ ሠንጠረዥ ቢሰጥ፣ በደብረ ታቦር የሚሠራው ባለሙያ በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ የተደረገውን ሙከራ ሳይደግም ከቆመበት ለመቀጠል ይችላል።